የላፍዉድ ጸሎት ቤት፤ ሕዝብ በጫካ ውስጥ የሠራው የኅሊና ምሽግ

የእንግሊዝን ታሪክ በድንጋይ ተጽፎ ለማየት የሚሻ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚመራው ወደ ዌስትሚንስተር፣ ወደ ካንተርበሪ ካቴድራል፣ ወደ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ነው። በነዚህ ታላላቅ ሕንጻዎች ውስጥ ነገሥታት ዘውድ ጭነዋል፤ ጳጳሳት ተሹመዋል፤ መሳፍንት ተቀብረዋል። የድንጋዩ ጥርብ፣ የመስተዋቱ ቀለም፣ የጣሪያው ከፍታ ሁሉ የባለቤቶቹን ሀብትና ሥልጣን ይናገራል። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በገዥዎቹ ሕንጻ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። በዚያችው አገር ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አገረ ግዛት፣ ከአክስሚንስተር ከተማ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በዳልዉድ መንደር አጠገብ፣ ከኮረብታ ጎን ተለጥፎ የቆመ አንድ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለ። ጣሪያው የሣር ክዳን ነው። የደወል ግንብ የለውም፤ ጉልላት የለውም፤ ቀለም የተቀባ መስተዋትም የለውም። ከሩቅ ያየው ሰው የገበሬ ጎተራ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ስሙ ላፍዉድ ይባላል። በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ከቆሙት የባፕቲስቶች የጸሎት ቤቶች መካከል በዕድሜ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ይህ ቤት በሥነ ሕንጻ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ የሚሰጠው አይደለም። ነገር ግን የታሪክን ተማሪ አንድ ትልቅ ጥያቄ ፊት ለፊት ያቆመዋል። የኅሊና ነጻነት ከወዴት መጣ? ነገሥታትና ፓርላማዎች በቸርነታቸው ለሕዝብ የሰጡት ስጦታ ነውን? ወይስ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ ሸማኔዎች፣ አናጺዎችና አነስተኛ ገበሬዎች ሕጉ ሳይፈቅድላቸው እየኖሩበት፣ በገንዘባቸውና በአካላቸው ዋጋ እየከፈሉበት፣ በመጨረሻ ሕጉን ወደነርሱ እንዲመጣ ያስገደዱት ነገር ነው? የላፍዉድ ታሪክ መልሱን በግልጽ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥምቀትና ተገዥነት

በአርባና በሰማንያ ቀን የክርስትና ሥርዓት ላደገ አንባቢ የባፕቲስቶች ጥያቄ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «አጥማቂ» ማለት ነው፤ መጀመሪያ ያወጡላቸውም ባላንጣዎቻቸው ናቸው። ባፕቲስቶች ሕፃን አይጠመቅም ይላሉ። ጥምቀት የእምነት ምስክርነት ከሆነ ምስክርነቱን ሊሰጥ የሚችለው ዐውቆና ፈቅዶ በራሱ አንደበት የሚናገር ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሰውነቱ በሞላ በውኃ ውስጥ ጠልቆ መውጣት አለበት የሚል ነው ትምህርታቸው።

ይህ የሃይማኖት ሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ግን የመንግሥትን መሠረት የሚነካ ነገር ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 በፓርላማ አዋጅ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ሆኖ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት በአንድ ራስ የሚታዘዙ ሁለት ክንዶች ሆነዋል። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቦታ ብቻ አልነበረም። ሕፃን ሲወለድ ስሙ የሚመዘገበው፣ የመንግሥት አዋጅ የሚነበበው፣ ለድሀ መጦሪያ የሚሆነው ገንዘብ የሚከፋፈለው በዚያው ነበር፤ ገበሬውም ከምርቱ አሥራት የሚገብረው ለዚያው ነበር። የሕፃን ጥምቀት አንዱን ሰው በአንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባልና የንጉሥ ታዛዥ ያደርገው ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ «ልጄ ራሱ እስኪያውቅ አላስጠምቅም» ያለ አንድ ሸማኔ የተናገረው ቃል ትንሽ አልነበረም። ሰው ጭሰኝነትን ከአባቱ እንደሚወርስ እምነትን አይወርስም ማለቱ ነበር።

ገዥዎቹም ነገሩን በዚሁ መልክ ተረድተውታል። ቶማስ ሄልዊስ የተባለው ሰው ከባልንጀራው ከጆን ስሚዝና ከተከታዮቻቸው ጋር በ1608 ወደ ሆላንድ ተሰደደ። በአምስተርዳም ከቆየ በኋላ ግን እውነትን በስደት አገር መያዝ አይበቃም ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1612 ገደማ ከለንደን ቅጥር ውጭ በስፒታልፊልድስ የመጀመሪያውን የባፕቲስቶች ማኅበር በእንግሊዝ ምድር አቋቋመ። ለንጉሥ ጄምስ በጻፈው መጽሐፍም ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው፣ ይህም ለክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆን ለአይሁድና ለእስላሞች ጭምር የሚሠራ መብት መሆኑን ገለጸ። ዋጋው የኒውጌት ወህኒ ቤት ሆነ፤ እስከ 1616 ባለው ጊዜ ውስጥም ሞተ። የሕፃናትን ጥምቀት ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ዋይትማን በሚያዝያ 1612 በሊችፊልድ ከተማ በእሳት ተቃጠለ። በእንግሊዝ አገር በመናፍቅነት ተከሶ በእሳት የሞተ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው።

በ1642 በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና በፓርላማው መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ ተጨቁኖ የኖረ ድምፅ በአደባባይ ተሰማ። በፓርላማው ሠራዊት ውስጥ ጫማ ሰፊውና ሸማኔው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መስበክ ጀመረ። የጦር ሰፈሩ ትምህርት ቤትም የክርክር መድረክም ሆነ። ንጉሡ በጥር 30 ቀን 1649 አንገቱ ተቆርጦ ሲሞት፣ ንጉሥን ከእግዚአብሔር ጋር አንድ አድርጎ የሚያሳየው የቆየ እምነት አብሮ ተሰነጠቀ። ዘውድ በሌለባቸው በቀጣዮቹ ዓመታት ባፕቲስቶች በየአገረ ግዛቱ ማኅበር መሠረቱ። ላፍዉድም የተመሠረተው በዚህ የዕፎይታ ዘመን ነው።

ቤቱና ሠሪዎቹ

በ1653 ገደማ የኪልሚንግተን መንደር ባፕቲስቶች ከመንደራቸው ወጣ ብለው በዳልዉድ አጠገብ ባለው ጫካማ ኮረብታ ላይ መሰብሰቢያቸውን አደረጉ። የኮረብታውን ጎን ቆፍረው ቤቱን ከመሬቱ ጋር አጣበቁት። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ18ኛው መጀመሪያ እንደገና የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የቦታውና የማኅበሩ ታሪክ ግን ከዚያ ቀደም ካለው ዘመን ይጀምራል።

የሠሪዎቹ ማንነት ከግንቡ ይነበባል። ድንጋዩ ያልተጠረበ ያካባቢው ድንጋይ ነው። ክዳኑ ገበሬው የራሱን ቤት የሚከድንበት ሣር ነው። በዚያ አካባቢ የሕዝቡ መተዳደሪያ አነስተኛ እርሻ፣ የከብት ርቢና በየቤቱ የሚካሄደው የበግ ጠጉር ፈትልና ሽመና ነበር። በምዕራብ እንግሊዝ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የቆሙት ማኅበራት ዋና ኃይላቸውን ያገኙት ከዚሁ ሠርቶ አደር ወገን ነው። ሽመና የሰውን እጅ ይይዛል እንጂ አእምሮውንና አንደበቱን አይዘጋም። በሸማኔው ቤት ማንበብ የሚችለው አንዱ እያነበበ ሌሎቹ እየሠሩ መስማትና መከራከር ይቻል ነበር። ከባላባቱ መሬት ጋር ያልተቆራኘ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ ከጭሰኛው ይልቅ አንገቱን ቀና ለማድረግ አቅም ነበረው።

የቦታው አመራረጥም ሊታለፍ አይገባም። ጫካው ሰውን ይሸሽጋል። ከጫካው ይልቅ ግን የሚሸሽገው የአስተዳደር ወሰን ነበር። የኪልሚንግተን መንደር በዴቨን አገረ ግዛት ውስጥ ሲሆን የዳልዉድ አጥቢያ ግን በዙሪያው በዴቨን ተከቦ ሳለ በአስተዳደር የዶርሴት ነበር። ይህ ግራ የተጋባ የመሬት አከፋፈል የተስተካከለው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያ ዘመን የአንድ አገረ ግዛት ዳኛ ሥልጣን በአገረ ግዛቱ ወሰን ያበቃ ነበር። ኪልሚንግተን ላይ የሚኖር ሰው እሑድ ጧት ጥቂት መንገድ ተጉዞ ላፍዉድ ሲደርስ የራሱን አገር ዳኛ ከኋላው ጥሎ የሌላ ዳኛ ወሰን ገብቷል ማለት ነው። የፊውዳሉ ሥርዓት ለባላባቶች ጥቅም ሲባል መሬቱን ቆራርጦ የተወው ስንጥቅ ለተሳዳጆቹ መጠጊያ ሆነ።

የሕግ ወጥመድ

ዕፎይታው ብዙ አልቆየም። በ1660 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። በጥር 1661 በቶማስ ቬነር የተመራ አነስተኛ የትጥቅ አመፅ ለንደን ውስጥ ስለተነሣ፣ ከአመፁ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ባፕቲስቶችና ኩዌከሮች በብዛት ወህኒ ወረዱ። ከዚያ በኋላ አከታትለው የወጡት ሕጎች የተቀነባበሩ ነበሩ። የ1661ዱ ሕግ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነውን ሰው ከከተማ አስተዳደር ሹመት አገለለ። የ1662ቱ ሕግ ካህናት ሁሉ በአንድ የጸሎት መጽሐፍ እንዲገዙ አዘዘ፤ ይህን በመሳሰለው ግፊት በጠቅላላው ወደ 2,000 የሚጠጉ አገልጋዮች ከቦታቸው ተነሡ። በ1664 የወጣው የጉባኤ ሕግ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ውጭ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አምስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ለሌላ ዓይነት ጸሎት ቢሰበሰቡ ወንጀል ነው አለ። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ፓውንድ ወይም የሦስት ወር እስራት፣ ለሁለተኛ ጊዜ የዚያ እጥፍ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የሰባት ዓመት ግዞት ነበር። የ1665ቱ ሕግ የተባረሩትን ሰባኪዎች ከቀድሞ አጥቢያቸውና ከከተሞች አምስት ማይል ርቀት ውስጥ እንዳይገኙ ከለከለ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ክፉው በ1670 የወጣው ሁለተኛው የጉባኤ ሕግ ነው። ይህ ሕግ እስራቱንና ግዞቱን ቀንሶ ገንዘቡን አበዛ። ተሰብሳቢው መጀመሪያ አምስት፣ ሲደግም አሥር ሺሊንግ ይከፍላል፤ ሰባኪውና ቤቱን የፈቀደው ሰው እያንዳንዳቸው 20 ፓውንድ ይከፍላሉ። 20 ፓውንድ 400 ሺሊንግ ነው፤ በዚያን ጊዜ የገጠር የቀን ሠራተኛ በቀን አንድ ሺሊንግ እንኳ ሞልቶ የማያገኝበት ጊዜ ነበር። ድሀው መክፈል ካልቻለ ዕዳው አብረውት በተገኙት ሰዎች ላይ ይጣላል። ከቅጣቱ ገንዘብ ሢሶው ለጠቋሚው ይሰጣል። ዳኛው ሥራውን ቸል ቢል ራሱ 100 ፓውንድ ይቀጣል። የተዘጋ በር ሰብሮ መግባትም ተፈቅዷል።

ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር በሚገባ ተረድተዋል። እስራት ሰውን ሰማዕት ያደርጋል፤ ግዞት ዝናውን ያገዝፋል። የጎረቤትን ኪስ በጎረቤቱ መከራ መሙላት ግን ማኅበረሰቡን ከውስጥ ይበላዋል። በላም በረት አጠገብ የሚያልፍ ሰው ማን ወዴት እንደሄደ መቁጠር ሲጀምር፣ እሑድ ጧት የሚሰማው የእግር ኮቴ ሁሉ ዋጋ ሲወጣለት፣ በመንደሩ ውስጥ መተማመን ይሞታል። እንዲህ ያለ ሕግ የሚተማመነው ሠራዊትን ሳይሆን ስግብግብነትንና ፍርሃትን ነው።

የዘመኑን ገጽታ ለማየት በሌሎች አገረ ግዛቶች የተፈጸሙ ሁለት ጉዳዮችን መጥቀስ ይበቃል። በቤድፎርድ አካባቢ ጆን ቡንያን የተባለ ድስትና ምጣድ ጠጋኝ ያለ ፈቃድ ሰብኳል ተብሎ በኅዳር 1660 ተያዘ። አልሰብክም የሚል ቃል ቢሰጥ ይፈታ ነበር፤ አልሰጠም፤ ስለዚህ 12 ዓመት ያህል ታሰረ። በ1678 ያሳተመው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ የተነበበው የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ የዚያ የወህኒ ቤት ዘመን ፍሬ ነው። ሁለተኛው ሰው ቤንጃሚን ኪች ይባላል። ይህ ሰው ለሕፃናት ማንበቢያ የሚሆን ትንሽ የትምህርት መጽሐፍ በመጻፉ በ1664 በኤልስበሪ ከተማ ተከሰሰ። ፍርዱ እስራት፣ 20 ፓውንድ መቀጮና በሁለት ከተሞች ገበያ መካከል አንገትና እጅ በእንጨት ተይዞ መቆም ነበር። መጽሐፉም በፊቱ ተቃጠለ። ለሕፃን የሚጻፍ ፊደል ማስቆጠሪያ አንድን መንግሥት ይህን ያህል ካስፈራው፣ ኃይሉ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ያወቀው ራሱ መንግሥቱ ነው ማለት ነው። ለመምህራን ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልተሰጠም።

የላፍዉድ ማኅበር በዚህ ሁሉ ዘመን አልተበተነም። ስለ ማኅበሩ ጽናት ሐውልት አልቆመም፤ ጽናቱ ራሱ በየሳምንቱ በእግር የሚደረግ ተራ ጉዞ ነበርና።

የ1685 ደም

በሰኔ 11 ቀን 1685 የቻርልስ ዳግማዊ ዲቃላ ልጅ የነበረው የሞንመዝ መስፍን በአጎቱ በንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ላይ ተነሥቶ፣ 80 ያህል ሰዎች አስከትሎ በላይም ሪጂስ ወደብ ወረደ። ከወደቡ እስከ ዳልዉድ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ እንኳ አይሞላም። መስፍኑ በአክስሚንስተር በኩል ሲያልፍ የምዕራቡ አገር ሸማኔ፣ ገበሬና የእጅ ባለሙያ ማጭድና መንሽ ይዞ በሺህ እየተቆጠረ ተከተለው። ይህ ሕዝብ የወጣው ለመስፍኑ ዘውድ ፍቅር ሳይሆን ባለፉት 25 ዓመታት በመቀጮ የተራቆተ ቤቱን፣ የተሰበረ በሩን አስቦ ነበር። መስፍኑ የሕዝቡን በደል ለራሱ ዙፋን መወጣጫ አደረገው። በሐምሌ 6 በሴጅሙር ሜዳ ማጭድ ያነገበው ሠራዊት በመደበኛው ጦር ተደመሰሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዳኛው ጄፍሪስ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች በምዕራቡ አገር ከተሞችና መንደሮች እንዲሰቀሉ ተደረገ፤ ከ800 በላይ የሚሆኑት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በግዞት የጉልበት ሠራተኛነት ተላኩ። ከለንደን ታዋቂ የባፕቲስት መሪ ከዊሊያም ኪፊን የልጅ ልጆች አንዱ ዊሊያም ሂውሊንግ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በመስከረም በላይም ሪጂስ ተሰቀለ፤ ታላቅ ወንድሙ ቤንጃሚንም ከዚያ በኋላ በቶንተን ከተማ ተሰቀለ። ለድሆችና ለተሳዳጆች ቤቷን በመክፈት የምትታወቅ ኤልዛቤት ጎንት የተባለች የባፕቲስት ሴት አንድ ሸሽቶ የመጣ አመፀኛ ደብቀሻል ተብላ በጥቅምት 23 ለንደን ውስጥ በእሳት ተቃጠለች። የመሰከረባት ያው የደበቀችው ሰው ነበር፤ ለምስክርነቱም ምሕረት አገኘ። በእንግሊዝ አገር በፖለቲካ ክህደት ተከሳ የተገደለች የመጨረሻዋ ሴት እርሷ ናት።

መሳፍንት በሚሻሙት ዙፋን ስር የሚወድቀው ሬሳ ሁልጊዜ የሠርቶ አደሩ ነው። የምዕራቡ ሕዝብ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዛው።

የማይቆለፍ በር

በኅዳር 1688 የሆላንዱ ዊሊያም በዚሁ በዴቨን ጠረፍ በብሪክሰም ወረደ፤ ጄምስም አገር ጥሎ ሸሸ። በ1689 ፓርላማው የመቻቻል ሕግ የሚባለውን አወጣ። ከሕጉ ጠባይ በላይ አንድም ነገር ሊጨመርበት አይገባም፤ እኩልነትን አልሰጠም፤ ቅጣትን አነሣ እንጂ። የሕፃናትን ጥምቀት የማይቀበሉ ሰዎች በዚያ አንቀጽ እንዳይጠየቁ ፈቀደ። ካቶሊኮችንና ሥላሴን የማይቀበሉትን ግን ከመቻቻሉ ውጭ አደረገ። የጸሎት ቤቶች በጳጳስ ወይም በዳኞች ችሎት እንዲመዘገቡ አዘዘ። አሥራቱም ለመንግሥት ቤተ ክርስቲያን እንደ ቀድሞው ይከፈላል።

በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ የሚያስገርም አንቀጽ አለ። በጸሎት ጊዜ የመሰብሰቢያው በር መቆለፍ፣ መቀርቀርም ሆነ መዘጋት እንደሌለበት ያዛል። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ የጥርጣሬ ቋንቋ ነው። መንግሥት ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። በሌላ በኩል ግን እስከ ትናንት ድረስ ዳኛ እየሰበረው ይገባበት የነበረው በር ዛሬ በሕግ ክፍት ሆኖ እንዲውል ታዘዘ። ሰባሪው ራሱ ሰባራነቱን አመነ። በጫካ ውስጥ የተደረገው ጸሎት ከሕጉ በፊት ነበር፤ ሕጉ የተከተለው ጸሎቱን ነው።

የድህነት ጥበብ

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የላፍዉድ ውስጣዊ ክፍል ዛሬ የሚታየውን መልክ ያዘ። ግድግዳው በኖራ ነጭ ተቀብቷል። መስኮቱ ቀለም የለበሰ ሳይሆን የዕለቱን ብርሃን እንዳለ የሚያስገባ ነው። መቀመጫዎቹ በጣውላ የታጠሩ፣ ያልተቀቡ ሣጥን መሰል ወንበሮች ናቸው። መሠዊያ በሚኖርበት ቦታ ከፍ ያለ የእንጨት መስበኪያ ቆሟል። ከወለሉ ሥር ደግሞ ተጠማቂው የሚወርድበት ገንዳ ተቆፍሯል፤ ወለሉ ሲከደን አይታይም፤ ሲገለጥ ግን የቤቱ ሁሉ ማዕከል ይሆናል።

ይህ ባዶነት የገንዘብ እጦት ብቻ ውጤት ነው የሚል ሰው ግማሹን እውነት ተናግሯል። ቀሪው ግማሽ ሐሳብ ነው። በካቴድራል ውስጥ የሕዝቡ ዓይን ወደ ሩቁ መሠዊያ፣ ካህኑ ብቻ ወደሚገባበት ስፍራ ይሳባል። በላፍዉድ ግን ሩቅ ስፍራ የለም። ተሰብሳቢው የሚሰማው ቃል ነው፤ ቃሉን የሚናገረውም ማኅበሩ ራሱ የመረጠው ሰው ነው። የባፕቲስት ማኅበራት አገልጋያቸውን በአባላት ድምፅ ይመርጡ፣ ጉዳያቸውን በጉባኤ ይወስኑ፣ ውሳኔያቸውን በመዝገብ ይጽፉ ነበር። በፓርላማ ምርጫ ድምፅ ያልነበረው ሸማኔ በዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ ነበረው። ይህ ማለት ግን ማኅበሩ የገነት ጉባኤ ነበር ማለት አይደለም። የዘመኑ የባፕቲስት መዛግብት ሰካራሙን፣ ተሳዳቢውን፣ ከማኅበሩ ውጭ ያገባውን ወንድም ወይም እኅት እየጠሩ የገሠጹበትንና ያባረሩበትን ጉባኤ ሁሉ መዝግበዋል። ከመንግሥት ጭቆና ያመለጠ ሰው በጎረቤቶቹ ዓይን ሥር መውደቁ የማይቀር ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወደዚህ ማኅበር የገባው ፈቅዶ ነበረ፤ ወጥቶም መሄድ ይችል ነበር።

ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ቤቱ ሌላ የሚናገረው አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ከባፕቲስቶች መካከል ብዙዎቹ በጉባኤ በኅብረት መዘመርን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። መዝሙር ከልብ ያልመጣን ቃል በአፍ ማስደገም ነው ይሉ ነበር። መዝሙርን በመደገፍ ክርክሩን ከመሩት ሰዎች ዋናው ያው መጽሐፉ በፊቱ የተቃጠለበት ቤንጃሚን ኪች ነው፤ በ1691 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ ማኅበራትን ከፈለ። በመጨረሻ ዜማው አሸነፈ። በላፍዉድም ከመግቢያው በላይ ለሙዚቀኞች የሚሆን ሰገነት ተሠራ። ጌጥን ሁሉ ከግድግዳው ያባረረ ሕዝብ ዜማን ማባረር አልቻለም። ሕዝብ ሥዕሉን ሊተው፣ ሐውልቱን ሊተው፣ ሐሩን ሊተው ይችላል፤ ድምፁን ግን አይተውም።

ረጅሙ መንገድ

የሙሉ ዜግነት መብት ከ1689 በኋላም ቁርጥራጭ ሆኖ፣ ትውልድ እየቆጠረ ነው የመጣው። በ1753 የወጣው የጋብቻ ሕግ ከኩዌከሮችና ከአይሁድ በስተቀር ማንም ሰው ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቢያገባ ጋብቻው አይጸናም በማለቱ፣ የላፍዉድ ሙሽሮችም ባላመኑበት መሠዊያ ፊት መቆም ግዴታቸው ሆነ። ከ1837 ጀምሮ ግን በራሳቸው የጸሎት ቤት መጋባት ተቻለ። ሹመትን የሚከለክሉት የ17ኛው መቶ ዓመት ሕጎች የተሻሩት በ1828 ነው። ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማደሻ በግዴታ ይከፈል የነበረው ግብር የቀረው በ1868፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይማኖት መፈተኛቸውን ያነሡት በ1871፣ በአጥቢያው መቃብር በራስ ሥርዓት መቀበር የተፈቀደው በ1880 ነው። አንድ ሰው ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ተሹሞና ሞቶ እኩል ዜጋ ለመባል ከመቻቻሉ ሕግ በኋላ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ።

ነጻነቱ እየሰፋ ሲመጣ ላፍዉድ ራሱ ጸጥ አለ። የማኅበሩ ልጆች በጫካ ውስጥ መደበቅ አላስፈለጋቸውም። በ19ኛው መቶ ዓመት አያቶቻቸው ጥለውት በወጡት በኪልሚንግተን መንደር አዲስ የጸሎት ቤት ተሠራ፤ የማኅበሩም ኑሮ ወደዚያ ዞረ። ምሽግ ከጦርነቱ በኋላ ባዶውን ቢቀር መሸነፉ አይደለም፤ ሥራውን መፈጸሙ ነው። በ1969 ቤቱ በ1895 ለተቋቋመው የእንግሊዝ የቅርስና የተፈጥሮ ሥፍራዎች ባለአደራ ማኅበር፣ ማለት ለናሽናል ትረስት፣ ተላለፈ። ይህ ማኅበር የሚጠብቃቸው ብዙዎቹ ቤቶች የታላላቅ ባላባቶች መኖሪያ የነበሩ ናቸው። በአንድ መዝገብ ውስጥ የባላባቱ ቤተ መንግሥትና ባላባቱ በዳኝነት ወንበሩ ሲያሳድደው የነበረው ሕዝብ ጎተራ መሰል ቤት አብረው ተመዘገቡ።

ቅርስን የሚጠብቅ ትውልድ ምን እንደሚጠብቅ በሚገባ ሊያውቅ ይገባዋል። በላፍዉድ የተጠበቀው ድንጋይና ሣር ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ድንጋይና ሣር በየኮረብታው ሞልቷል። ሊጠበቅ የሚገባው በዚያ ድንጋይ መካከል የተሰበሰበው ሕዝብ ያረጋገጠው እውነት ነው። ሰው ሳያምን እንዲያምን፣ ሳይፈቅድ እንዲጠመቅ፣ ሳይስማማ አሜን እንዲል በሕግ ማስገደድ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የተገኘ አሜን ለመንግሥትም ለእምነትም አይጠቅምም። ጠቋሚ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወድቀው የመንግሥቱ ክብር ነው። ለመምህሩ፣ ለኪነ ጥበብ ሰውና ለሕዝብ አገልጋዩ ሁሉ ይህ ትምህርት ከአንድ አገርና ከአንድ ዘመን የሚያልፍ ነው። ቻርልስ ዳግማዊና ዳኛው ጄፍሪስ በመዝገብ ስማቸው አለ። የላፍዉድ ሸማኔዎች ስም ከአጥቢያው ውጭ የሚያውቀው የለም፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ሕዝብ ዛሬ የሚኖርበት የኅሊና ሕግ ወደ ፈለገው ቦታ ተጉዞ የመጣው በነርሱ የእሑድ የእግር መንገድ ነው።